መኪና አስከትለን በሰሞነ ሕማማት፦ ከአውሮራ እስከ ላስ ቬጋስ

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.፤ አውሮራ፣ ኮሎራዶ

አባቴ ዘንድሮ ፋሲካን ላስ ቬጋስ ካለችው እህቴ ጋር ለመዋል ተመኙ። አውሮፕላን አይወዱም፤ ጉልበታቸውም ረጅም ሰዓት አጣጥፎ መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ሞተርሆማችንን፣ ውስጡ እንደ ቤት የተሠራውን ትልቁን መኪናችንን፣ አስነስተን ልንሄድ ተስማማን። የእሳቸው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፦ ለጸሎተ ሐሙስ እዚያ መድረስ።

ሞተርሆሙ ከጥቅምት ጀምሮ የቆመው ከቤታችን 25 ደቂቃ በሚርቅ የመኪና ማቆያ ግቢ ውስጥ ነው። የሰፈራችን ነዋሪዎች ማህበር እንዲህ ያለ ትልቅ መኪና በር ላይ እንዲያድር አይፈቅድም፤ በመሆኑም ስንነዳውም ሳንነዳውም ወር በወር ኪራይ እንከፍላለን። ሞተርሆም ለመግዛት የሚያስብ ወዳጅ ሲያማክረኝ አስቀድሜ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ የት ታቆመዋለህ? ዋጋውን ሁሉም ሰው ያሰላል፤ ማቆሚያውን ግን የሚያሰላ ጥቂት ነው።

በሩን ስከፍት የተቀበለኝ የአይጥ ሽታ ነው። ከእቃ ማጠቢያው በታች ያለውን መሳቢያ ስስበው ከወረቀት ፎጣና ከግድግዳው ስፖንጅ የተሠራ ክብ ጎጆ አገኘሁ። አይጧ የገባችው የኤሌክትሪክ ገመዱ በሚወጣበት ቀዳዳ ነው፤ ከገመዱ ጎን የአውራ ጣት ያህል ክፍት ቦታ ነበረ። ድስት የምንፈገፍግበትን የብረት ሽቦ ጠቅልዬ ወተፍኩበት። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በባትሪ እያበራሁ አየሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተበላ የለም።

ከዚያ የውሃው ተራ ሆነ። በኮሎራዶ ቅዝቃዜ ቧንቧ ውስጥ የቀረ ውሃ ይረጋና ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ በመከር ውሃውን ሁሉ አፍስሶ፣ ቦይለሩን ለይቶ ዘግቶ፣ ሮዝ ቀለም ያለውን ፀረ በረዶ ፈሳሽ በየመስመሩ ማሳለፍ የግድ ነው። በጥቅምት ወር ወጥ ቤቱንም፣ መታጠቢያውንም፣ ሽንት ቤቱንም ሮዝ ፈሳሽ እስኪወጣ ድረስ ከፍቻቸው ነበር። ዛሬ ታንከሩን ሞልቼ ፓምፑን ሳበራው ግን መጮሁን አላቆመም። ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ ሳለ ፓምፕ ካላረፈ የሆነ ቦታ ውሃ ይፈስሳል ማለት ነው። አባቴ ከውጭ ሆነው ጠሩኝ። በግራ በኩል ካለችው ትንሽ በር ሥር ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። የውጭው ሻወር ነው። ከገዛነው ጀምሮ አንድ ቀን ተጠቅመንበት ስለማናውቅ በጥቅምት ረስቼዋለሁ። ውስጡ የቀረችው የአንድ ጭብጥ ያህል ውሃ የቧንቧውን አንገት ከላይ እስከ ታች ሰንጥቃዋለች። ሞተርሆም ያላችሁ ወገኖቼ፣ በመከር ስትዘጉ ከምትጠቀሙባቸው ይልቅ የማትጠቀሙባቸውን ቧንቧዎች ቁጠሩ። ሁለቱን መስመሮች ቆርጬ በመዝጊያ አሰርኳቸውና ፓምፑ ጸጥ አለ።

150 ሊትር የሚይዘውን ታንከር ለማጽዳት 150 ሚሊ ሊትር ገደማ በረኪና ጨምሬ በየቧንቧው አሳልፌ አሳደርኩት። ነገ ፈስሶ ይታጠባል።

ጎማዎቹን አባቴ ዞረው ዞረው አዩ። ባለፈው መስከረም ስድስቱንም ስቀይር አዝነው ነበር፤ ጥርሳቸው ገና ሙሉ ነበርና። የአሮጌዎቹ ጎን ላይ ግን 3516 የሚል ቁጥር ተጽፎባቸው ነበር። በ2016 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ35ኛው ሳምንት ተመረቱ ማለት ነው። የሞተርሆም ጎማ የሚያረጀው በመሮጥ ሳይሆን ፀሐይ ላይ በመቆም ነው። ዛሬ የአዲሶቹን ቁጥር ራሳቸው ጎንበስ ብለው አነበቡና ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 20፤ ሆሳዕና

ከቅዳሴ መልስ ሁላችንም የዘንባባ ቀለበት በጣታችን እንዳደረግን ጭነት ጀመርን። ባለቤቴ ለአባቴ ትኩስ እንጀራ ሳታቀርብ ሳምንቱን ማሳለፍ አልፈለገችም፤ ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምጣዷ፣ የጤፍ ዱቄቱ፣ የሊጥ ባልዲው ሁሉ ተጫነ። በዚያ ላይ ለእህቴ የተዘጋጀ በርበሬና ሽሮ፣ የልጃችን ብስክሌት፣ የእኔ የመሣሪያ ሳጥን፣ የበረዶ ሰንሰለት። ሰንሰለቱን የተራራው መንገድ ሕግ ያዝዛል፤ ኢንተርስቴት 70 በሚባለው አውራ ጎዳና የተራራ ክፍል እስከ ግንቦት መጨረሻ በረዶ የሚችል ጎማ ወይም ሰንሰለት ሳይዙ መሄድ አይፈቀድም። ከኋላ ያለው ትልቁ የእቃ ማስቀመጫ ሰፊ ስለሆነ ከባድ ከባዱን ሁሉ እዚያ ከተትነው።

አባቴ ዝም ብለው ይመለከቱ ነበር። በወጣትነታቸው በረዳትነት ጀምረው፣ ኋላም በሾፌርነት በአሰብ መስመር ኤንትሬ ፊያት ከነተሳቢው ያሽከረክሩ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ መንገዱ እስኪዘጋ ድረስ። በመጨረሻ "ይሄ መኪና ግንባሩን አንሥቷል" አሉኝ። እኔ አልታየኝም። ቢሆንም ከከተማው በስተ ምሥራቅ ከባድ መኪኖች ወደሚመዘኑበት ሚዛን ሞተርሆሙን ይዘን ሄድን፤ አራታችንም ተሳፍረን፣ ነዳጁም ውሃውም ሙሉ ሆኖ።

የወጣው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ የፊት አክስል፣ ማለትም የፊት ጎማዎቹ የተሸከሙት፣ 1,960 ኪሎ፣ የኋላ አክስል 4,527 ኪሎ፣ ድምር 6,487። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ጣሪያ ደግሞ ለጠቅላላው 6,577፣ ለፊቱ 2,268፣ ለኋላው 4,354 ነው። ድምሩን ብቻ ያየ ሰው 90 ኪሎ ይተርፈኛል ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። የኋላው አክስል ግን 173 ኪሎ ከልክ በላይ ተሸክሟል። ጎማ የሚፈነዳው፣ ባላስትራ የሚሰበረው በድምሩ አይደለም፤ በአንዱ አክስል ነው።

ምክንያቱ የመኪናው አሠራር ነው። ከኋላ ጎማው በስተ ኋላ ብዙ አካል ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ የውሃው ታንከርም፣ ትልቁ ማስቀመጫም ያሉት እዚያ ነው። እዚያ የተጫነ 100 ኪሎ በኋላው አክስል ላይ ከ100 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ ትርፉን የሚወስደው ከፊተኛው ነው። መሪው የሚቀልለው፣ ነፋስ ሲመጣ መኪናው የሚንሳፈፈው በዚህ ነው። አባቴ ከግንባሩ መነሣት ያነበቡት ይህንን ኖሯል።

መኪና ማቆሚያው ላይ አውጥተን እንደገና ጫንን። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ 120 ሊትር አፈሰስን፤ በየምናድርበት ውሃ አለ፣ ይዞ መዞር ምን ያደርጋል? ምጣዱ፣ የጤፉ ከረጢትና የመሣሪያ ሳጥኑ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ወለል ላይ ታሰሩ። ብስክሌቱ ከኋላ ወርዶ በምናስከትላት ትንሽ መኪና፣ በሲአርቪዋ ውስጥ ገባ። ተመልሰን ስንመዘን፦ የፊት 2,070፣ የኋላ 4,285። አባቴ ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ አስገቡት።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 21፤ ከአውሮራ ወደ ፍሩታ

የምናስከትላት የ2011 ሆንዳ ሲአርቪያችንን ነው። ሞተርሆም ካምፕ ቦታ ላይ ከቆመ በኋላ እንጀራ ለመግዛትም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ቤት ሙሉ ነገር ነቅሎ መንቀሳቀስ አይቻልም፤ ትንሽ መኪና ያስፈልጋል። ችግሩ ማንኛውም መኪና አራት እግሩ መሬት ላይ ሆኖ የሚጎተት አለመሆኑ ነው። ብዙዎቹ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች ዘይት የሚረጩት ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ሲዞር ኩሽኔቶቹ በደረቁ ይፈጫሉ። ሲአርቪን እስከ 2014 ሞዴል ድረስ በዚህ መንገድ መጎተት ይቻላል፤ ከዚያ ወዲህ ካምቢዮው ስለተለወጠ አይቻልም። ስለዚህ አሮጊቷን ሲአርቪ "ለምን አትቀይራትም?" ለሚሉኝ ሁሉ መልሴ ይህ ነው።

አያያዟ ሥርዓት አለው፤ አንዱም አይዘለልም። በመጀመሪያ ቀጥ ያለ ደልዳላ ቦታ ላይ ከሞተርሆሙ ጀርባ ትቆማለች። የመጎተቻው ብረት ሁለት ክንዶች ከግንባሯ ሥር ከታሰረው መያዣ ጋር በፒን ይያያዛሉ። ሁለት የደህንነት ካቦዎች በመስቀል ይታሰራሉ። የመብራት ገመዱ ይሰካል፤ ፍሬቻውና የፍሬን መብራቱ ይሞከራል። የሹፌሩ እግር ቦታ ላይ የፍሬን ሳጥኑ ይቀመጣል፤ ሞተርሆሙ ሲይዝ ይህ ሳጥን የሲአርቪዋን ፔዳል ይረግጣል። 1,550 ኪሎ የሚመዝን ነገር ቁልቁለት ላይ ከኋላ ሲገፋ ለአንድ መኪና ፍሬን ብቻ መተው አይገባም። አንዲት ቀጭን ካቦም አለች፤ መኪናዋ ብትበጠስ ካቦዋ ተስባ ፍሬኑን ራሷ ታስይዛለች። ከዚያ ሞተሯን አስነሥቼ ማርሹን በየቦታው አሳልፌ ዲ ላይ፣ ቀጥሎ ኤን ላይ አድርጌ ሦስት ደቂቃ አቆያታለሁ፤ ዘይቱ እንዲዳረስ ነው። በመጨረሻ ሞተሯን አጠፋና ቁልፉን አንድ እርከን ወደፊት እተወዋለሁ፤ መሪዋ እንዳይቆለፍ። በየስምንት ሰዓቱ ይህ ይደገማል፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ104 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለበትም።

አባቴ ከኋላዬ ሆነው እያንዳንዱን ፒን በእጃቸው ነቀነቁት። "በዓይን የታሰረ አልታሰረም" አሉ።

ከዴንቨር በስተ ምዕራብ ዳገቱ ጀመረ። ሞተሩ ከፍታ ላይ አየር ያጥረዋል፤ በ3,400 ሜትር ላይ ጉልበቱ በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ከቀኙ መስመር ሳንወጣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እያዘገምን አይዘንሃወር ዋሻ ደረስን። ዋሻው 2.7 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ወደ ምዕራብ የሚወስደው ክፍል የተከፈተው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1973 ነው። በግራና ቀኝ ተራራው ገና በበረዶ ነጭ ነበር። አባቴ መስኮቱን ዝቅ አድርገው የዋሻውን ጣሪያ እያዩ ጣርማበርን አነሡ፤ ጭጋጉን፣ ከደብረ ሲና በኩል ሲወጡ የሚወርደውን ላብ፣ በዋሻው አፍ ላይ ቆመው የሚጠብቁትን ሌሊቶች። ልጃችን እየደጋገመች "ከዚህ ይበልጣል?" ትላቸዋለች። "በመጠን አይበልጥም፤ በብርድ ግን አይተናነስም" አሏት።

ከዋሻው ማዶ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። የወጣህበትን ማርሽ ይዘህ ውረድ የሚለውን የከባድ መኪና ሕግ እኔም አውቀዋለሁ፤ ማርሹን ዝቅ አድርጌ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘን ተውኩት፤ ፍሬኑንም አልፎ አልፎ ጠንከር አድርጌ ረግጬ እለቅ ነበር። ሲልቨርቶርን ከተማ ስንቆም ግን የተቃጠለ ሽታ አፍንጫችንን መታን። አባቴ ወርደው የእጃቸውን ጀርባ ወደ ሞተርሆሙ ቸርኬዎች አስጠጉ። ደህና ናቸው። ወደ ሲአርቪዋ የፊት ቀኝ ጎማ ሲደርሱ እጃቸውን ፈጥነው ሰበሰቡ።

የፍሬን ሳጥኑን ከመጠን በላይ ንቁ አድርጌ አስተካክዬው ነበር። ሞተሩ ሲይዝ መኪናው ትንሽ ሲንገዳገድ ሳጥኑ ፍሬን የተያዘ መስሎት ፔዳሉን በስሱ እየረገጠ፣ 13 ኪሎ ሜትር ሙሉ ስንወርድ ሲአርቪዋ ፍሬን እንደያዘች ኖሯል። መቶ ጊዜ ብንረግጥ ይሻል ነበር፤ ፍሬንን የሚያቃጥለው በስሱ የተያዘ ረጅም ጊዜ ነው። አርባ ደቂቃ አቆይተን አቀዘቀዝናት፤ ውሃ አላፈሰስንባትም፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማልና። የሳጥኑን መለኪያ ወደ ግማሽ አወረድኩት። ከዚያ ለቬይል ፓስ፣ በ7 በመቶ ለሚወርደው ቁልቁለት፣ ልቤ ደንግጦ ነበር፤ ታች ደርሰን ስንዳስሳት ጎማዋ ለብ ያለ ብቻ ነበር።

የግሌንዉድ ገደል ውስጥ መንገዱ ከወንዙ ጎን በድልድይ ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ባለቤቴ ትነዳ ስለነበር በተራዬ ዓይኔን ጠግቤ አየሁ። ፍሩታ የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። የያዝነው ቦታ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው የሚወጣ ስለሆነ ሲአርቪዋን ሳንፈታ አደርን። አባቴ ፀሐይ ስትጠልቅ ዳቦና ሽሮ ቀመሱ፤ ከማለዳ ጀምሮ ውሃም አልጠጡም ነበር።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 22፤ ከፍሩታ ወደ ሳሊና

ከዩታ ግሪን ሪቨር እስከ ሳሊና በኢንተርስቴት 70 ላይ 110 ማይል፣ 177 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ነዳጅም ምግብም የለም። 208 ሊትር የሚይዘው የነዳጅ ሰልባታዮ ግማሽ ነበረ፤ ነፋሱ ደግሞ ከፊት ይመጣ ስለነበር በ100 ኪሎ ሜትር 34 ሊትር ድረስ ይፈጅ ጀመር። ይደርስ ነበር፤ ግን እንዲህ ባለ በረሃ "ይደርሳል" ብሎ መግባት አልፈለግኩም። ግሪን ሪቨር ላይ ዋጋው ረከስ ያለ ማደያ አየሁና ታጠፍኩ።

መውጫውን አላየሁም። ነዳጅ ቀድተን ወደፊት ስንቀጥል ማደያው በአጥርና በቆሻሻ ገንዳ ተዘግቶ አገኘነው። ለመታጠፍ ስፍራው አይበቃም። አራት እግሯ መሬት ላይ ሆኖ የምትጎተት መኪና ደግሞ ወደ ኋላ አትገፋም፤ ሁለት ክንድ ያህል እንደሄደች የፊት ጎማዎቿ ወደ አንድ ጎን ይታጠፉና የመጎተቻው ብረት ይጣመማል። ከኋላችን ሁለት መኪኖች ደረሱ፤ አንዱ ጡሩምባ ይነፋል።

መፍታት ግድ ሆነ። ፒኖቹ ግን አልወጣ አሉ። ግማሽ ታጥፈን ስለቆምን የመጎተቻው አንዱ ክንድ ተወጥሯል፤ የመኪናዋ ክብደት ሁሉ ፒኑ ላይ ተጭኗል። በጎማ መዶሻ መታሁት፤ ወይ ፍንክች። አባቴ በክሪክ እናንሣት አሉ። ባለቤቴ ግን ሲአርቪዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን አስነሣችና መሪውን ወደ ተወጠረው ክንድ አዙራ በጣት ስፋት ያህል ወደፊት ነዳቻት። ፒኑ በእጄ ላይ ወደቀ።

"የተወጠረ ገመድ ሲፈታ እንዲህ ነው እንጂ!" አሉ አባቴ፤ ክሪኩን ወደ ቦታው መለሱት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ወስነናል። ማደያ ከመግባታችን በፊት የቦታውን የሳተላይት ፎቶ ባለቤቴ ታያለች፤ ካልሆነም ከባድ መኪኖች በሚቀዱበት በኩል ብቻ እንገባለን። ለጥቂት ሳንቲም ቅናሽ ተብሎ መውጫው የማይታይ ግቢ አይገባም።

የበረሃው መንገድ ውበቱ ያስፈራል። ቀይና አመድማ ቋጥኝ ተነባብሮ ቆሞ መንገዱ በመካከሉ ይሾልካል። አባቴ በአሰብ መስመር ያሉትን ሰርዶንና ሚሌን አዩበት። እኔ የማየው ግን ሁለቱን እጆቼን ነበር፤ ከጎን የሚመጣው ነፋስ ሞተርሆሙን እንደ ሸራ ይገፋዋል፤ ከባድ መኪና ሲያልፈን ደግሞ ወደ ራሱ ይስበዋል። በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ላይ ስወርድ ብቻ መሪው ታዘዘኝ። እሑድ ከኋላ ወደ ፊት ያዛወርነው ጭነት ዛሬ ዋጋውን መለሰልኝ፤ ፊቱ ቀልሎ ቢሆን ኖሮ ይህን ነፋስ አልችለውም ነበር።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 23፤ ከሳሊና ወደ ሃሪኬን

አጭር ቀን። ኢንተርስቴት 70 ኮቭ ፎርት ላይ ያበቃል፤ ወደ ደቡብ በኢንተርስቴት 15 ቀጠልን። ማታ ሲአርቪዋን ስንፈታት አልነሣም አለች፤ ቁልፏ በከፊል ተከፍቶ ስለሚውል ባትሪዋን ከሞተርሆሙ የሚሞላ ቀጭን መስመር ዘርግቼላት ነበር፤ የመስመሩ ፊውዝ ተቃጥሎ ኖሯል። ቀይሬ አስነሣኋት።

ባለቤቴ እንጀራ ለመጋገር ከሰኞ ጀምራ ስትመኝ ነበር። መንገድ ዳር ቆመን በባትሪ ልትጋግር ብታስብም ሒሳቡ እንቢ አለ። ምጣዷ 1,500 ዋት ትፈልጋለች፤ ይህ ከ12 ቮልት ባትሪ ሲወሰድ ከብክነቱ ጋር 140 አምፔር ያህል ነው። ባትሪዎቻችን 220 አምፔር ሰዓት ይይዛሉ፤ እርሳስና አሲድ ስለሆኑ ግን ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜያቸውን ይቆርጣል። ምጣዱ ሳይሰማ፣ ሊጡ ሳያልቅ ባትሪው ያልቃል።

ዛሬ ግን የካምፑ ኤሌክትሪክ አለ። 30 አምፔር ነው፤ በ120 ቮልት 3,600 ዋት ማለት ነው። ሙቀት ስለነበረ ለአባቴ አየር ማቀዝቀዣው ተከፍቷል፤ ቦይለሩም በኤሌክትሪክ ላይ ነበረ። ምጣዱ ግሎ የመጀመሪያው ሊጥ በክብ ፈሰሰ፤ ዓይን ማውጣት ጀመረ፤ ባለቤቴ አክንባሎውን ልትደፋ ስትል ሁሉም ነገር ጠፋ። ብሬከሩ ወርዷል። ሦስቱ ተደምረው 37 አምፔር ሆነዋል። ቦይለሩን ወደ ጋዝ አዞርኩ፤ ማቀዝቀዣውን አጠፋን፤ አባቴ ወንበራቸውን ይዘው ከዛፍ ሥር ተቀመጡ። የመጀመሪያዋ እንጀራ ሊጥ ሆና ቀረች። ከዚያ በኋላ ያሉት 14ቱ ግን እንደ ቤት እንጀራ ዓይናቸው የፈካ፣ ጠርዛቸው የለሰለሰ ነበሩ። መስኮቱን ሁሉ ከፍተን ነበር፤ ሽታው ወደ ጎረቤት ካምፖች ሲሄድ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ምን እንደሆነ ለመጠየቅ መጡ። ትኩስ እንጀራ በሽሮ ይዘው ሄዱ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 24፤ ጸሎተ ሐሙስ

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ተነሣን። የቨርጂን ወንዝ ገደል የአሪዞናን ሰሜን ምዕራባዊ ጥግ ቆርጦ ያልፋል፤ ግድግዳው ከሁለቱም ጎን ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ኩርባው ተደጋጋሚ ነው። ከሰኞው 3,400 ሜትር ዛሬ ከ600 ሜትር በታች ወረድን። የጎማ አየር ግፊት መቆጣጠሪያው ከጠዋቱ 80 ፒኤስአይ ወደ 91 ወጣ። አባቴ ትንሽ እናስተንፍሳቸው አሉ፤ በአሰብ ሙቀት እንዲያ ያደርጉ ነበር። እዚህ ላይ አልተስማማሁም። በሙቀት የወጣ አየር በብርድ ይወርዳል፤ ጋለ ተብሎ የተነፈሰ ጎማ ነገ ጠዋት ከጭነቱ በታች ሆኖ ያገኙታል፤ አየር ያነሰው ጎማ ደግሞ ይበልጥ ይግላል። ጥቂት አስበው "በል ያንተው ጎማ ነው" አሉኝ፤ አልተቀየሙም።

ከዩታ ወደ አሪዞና ስንሻገር ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሶ ነበር። ለሕጽበተ እግር ለመድረስ የምንቸኩል እኛ ይህችን ሰዓት እንደ ስጦታ ተቀበልናት።

እህቴ በምትኖርበት ሰፈርም ሞተርሆም በር ላይ ማቆም አይፈቀድም፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ደውዬ ከቤቷ 15 ደቂቃ በሚርቅ ማቆያ ቦታ ይዤ ነበር። ቀጥ ባለው መግቢያ ላይ አቆምኩት። ፒኖቹ በሁለት ጣት ወጡ። አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ሲአርቪዋ ተፈታ፣ ብስክሌቱ ወርዶ ሞተርሆሙ ውስጥ ገባ፣ አባቴ ነጠላቸውን አጣፍተው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ ካህናቱ ገና ውሃውን እየባረኩ ነበር። ማታ እህቴ ቤት ጉልባን በላን።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 26፤ ቅዳሜ ሹር

ትናንት ስቅለት በስግደት ዋለ። ዛሬ ጠዋት ቄጤማ በራሳችን እንዳሰርን ከአባቴ ጋር ወደ ማቆያው ግቢ ሄድን። ገንዳዎቹን አፈሰስኩ፤ ጎማዎቹን ከፀሐይ በሚጋርድ ሸራ ሸፈንኩ፤ የገመዱን ቀዳዳ እንደገና አየሁት፣ ሽቦው በቦታው ነው። አባቴ የእሑዱን የሚዛን ወረቀት ከደረት ኪሳቸው አውጥተው እህቴ ለመልስ ያዘጋጀችልንን ጠየቁኝ። ሁለት ካርቶን ዕቃና አንድ ትልቅ ብረት ድስት አልኳቸው።

"የት ልትጭነው ነው?"

"ከፊት፣ ከወንበሬ ኋላ።"

ወረቀቱን መልሰው አጠፉት። "እንዲያም ሆኖ ከመነሣታችን በፊት እንመዘናለን" አሉ።